ጣፋጭ አልወድም ለምትሉ ወገኖቼ

ለዓመታዊ ምርመራ በሄድሁበት ቀን ሐኪሜ «ጣፋጭ ነገር ያዘወትራሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሳላመነታ «ጣፋጭ አልወድም» ብዬ መለስሁላቸው። የዋሸሁ አልመሰለኝም። ኬክ የምቀምሰው በልጆች ልደት ላይ ብቻ ነው፤ ቸኮሌት ቤቴ አይገባም፤ ዶናት የሚባለውንም በሃያ ሁለት ዓመት የታክሲ ሥራዬ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ መግዛቴን አላስታውስም። የደም ምርመራው ውጤት ግን ከቃሌ ጋር የሚስማማ አልነበረም። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 118፣ ኤዋንሲ (A1C) የሚባለው ደግሞ 6.2 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሜ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው «በዚሁ ከቀጠሉ ወደ ስኳር በሽታው ማለፍዎ ነው፤ አሁን ግን ገና ጊዜ አለዎት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እዚህ አሜሪካ በዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ካሉት እኩዮቼ ጋር ስጨዋወት፣ ተመሳሳይ ወረቀት በመሳቢያቸው ደብቀው ያስቀመጡ ብዙ መሆናቸውን ተረዳሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል «እኔኮ ጣፋጭ አልወድም» ይላሉ። ይህንንም ጽሑፍ የምጽፈው ለእነርሱ ነው።

አስቀድሞ ቁጥሮቹን እንግባባባቸው። ኤዋንሲ ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር የሚያሳይ ስለሆነ፣ ከምርመራው በፊት ለሦስት ቀን ሻይ ያለ ስኳር በመጠጣት አይታለልም። ከ5.7 በታች ደኅና ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ድረስ ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛ ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የስኳር በሽታ ነው። በባዶ ሆድ የሚለካው ደግሞ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ፣ 126 እና ከዚያ በላይ በሽታው ነው። በእንግሊዝና በስዊድን ያላችሁ ውጤታችሁ በሌላ መለኪያ ስለሚመጣ አትደናገሩ፤ እዚህ ኤዋንሲ 6.5 የሚባለው እዚያ 48 ተብሎ ይጻፋል።

ከሐኪሙ ቤት የተመለስሁ ዕለት ማታ ባለቤቴ አንድ ነገር አደረገች። ባዶ የውኃ ብርጭቆ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ የስኳሩን ዕቃና የሻይ ማንኪያውን አጠገቡ አድርጋ፣ «በል፣ ትናንት ከጠዋት ጀምሮ የጠጣኸውን ንገረኝ» አለችኝ። ጠዋት ሁለት ሲኒ ቡና፣ በሁለት በሁለት ማንኪያ፦ አራት። ታክሲው ውስጥ ከምይዘው ፔርሙስ አምስት ኩባያ ሻይ፣ በሦስት በሦስት ማንኪያ፦ አሥራ አምስት። ከምሳ ጋር አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ፤ በጣሳው ላይ 39 ግራም ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ያህል ስለሚይዝ ወደ አሥር ማንኪያ ይጠጋል። ማታ «ለጤና» ብዬ የምጠጣው አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ ሌላ አምስት ማንኪያ። እርሷ እየጨመረች እኔ እየቆጠርሁ፣ ብርጭቆው ከግማሽ በላይ ሞላ። ሠላሳ አራት ማንኪያ ሆነ፣ ወደ 136 ግራም ማለት ነው። እህል የሚባል ነገር ገና አልተቆጠረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ወደ ስድስት ማንኪያ ዝቅ እንዲያደርግ ይመክራል። ጣፋጭ የማልወደው ሰውዬ ከአምስት ቀን በላይ የሚበቃውን በአንድ ቀን እጠጣ ኖሯል።

እኛ ጣፋጭ ስንል የሚታኘከውን ማለታችን ነው። የሚጠጣው በቋንቋችንም በሐሳባችንም ከጣፋጭ ወገን አይቆጠርም፤ ሻይ ሻይ ነው፣ ለስላሳም ለስላሳ ነው። ነገሩ ግን ከጥንት የወረስነው አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ አያቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ቡናዋን በጨው ነበር የምትጠጣው፣ ስኳር ደግሞ ለእንግዳ ተብሎ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ነገር ነበር። ለእንግዳ የሚቀርበውን ነገር በየቀኑ ለራሳችን ማቅረብ የጀመርነው እኛ ነን፤ እዚህ አገር ስንመጣ ደግሞ አምስት ፓውንዱ በጥቂት ዶላር ስለሚገኝ ከማንኪያው ላይ ክምር መስፈር ለመድን።

«እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» የሚለውንም አትመኑ። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት ወገኖቻችን ሲደርሱ አብዛኞቹ ከሲታ ነበሩ፤ የስኳር በሽታም በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። በዚያ አገር ምግብና ኑሮ በቆዩ ቁጥር ግን በሽታው በፍጥነት እየበዛባቸው መሄዱን የእስራኤል ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ሰውነታችን የለመደው ሌላ ኑሮ ስለሆነ ትንሽ ውፍረት፣ በተለይም በሆድ ዙሪያ የሚመጣው፣ ብዙ ሊጎዳን ይችላል።

እንግዲህ እንዴት ይቀነሳል? ሻይንና ለስላሳን በተለያየ መንገድ መያዝ እንዳለብን ከራሴ ተምሬአለሁ። ሻዩን በአንድ ቀን ያለ ስኳር ልጠጣ ብዬ ሞክሬ በሦስተኛው ቀን ተሸነፍሁ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብቻ እየቀነስሁ፣ ማንኪያውንም ክምር ሳይሆን ልክ እየሰፈርሁ፣ በሦስት ወር ውስጥ ከሦስት ወደ ግማሽ ወረድሁ። ምላስ ይለምዳል፤ ዛሬ የድሮውን ሻዬን ቢሰጡኝ ሽሮፕ የምጠጣ ይመስለኛል። ቀረፋና ቅርንፉድ በዛ አድርጎ ማፍላት በጣም ይረዳል። በስኳር ፋንታ ማር ማድረግ ግን ራስን ማታለል ነው፤ የጫካ ማርም ሆነ የትግራይ ነጭ ማር፣ ለደማችን ያው ስኳር ነው። ለስላሳውን ደግሞ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ መቁረጥ ይሻላል፤ ገዝተን ወደ ቤት ካላስገባነው የለምና። እኔ በምትኩ ከሐበሻ ሱቅ አምቦ ውኃ በካርቶን እየገዛሁ ከሎሚ ጋር እጠጣለሁ። ስኳር የሌለው ዳይት የሚባለው ለመሸጋገሪያ ቢጠቅምም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ስኳር አልባ ማጣፈጫ መጠቀምን እንዳልደገፈ አስታውሱ። ጭማቂውን ትታችሁ ብርቱካኑን ራሱን ብሉ።

ዕቃ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። በአሜሪካ አሁን ባለው መለያ ላይ «አዲድ ሹገርስ» የሚል መሥመር አለ፤ በፋብሪካ የተጨመረውን ስኳር በግራም የሚነግራችሁ እርሱ ነው። መጀመሪያ ግን «ሰርቪንግ ሳይዝ» የሚለውን እዩ፤ የተጻፈው ለዕቃው ሁሉ ነው ብላችሁ ስታስቡ አንዳንዴ ለከፊሉ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልጆቻችን ጠዋት የሚበሉት ሲሪያል፣ ጤናማ ነው የምንለው ባለ ፍራፍሬ እርጎ፣ የኬቻፕ ጠርሙስም ሳይቀር ስኳር አለበት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሱቁም ኩሽናውም አይደለም። ሰው ቤት ነው። ማኅበር አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ፤ በየሄድንበት ሻዩ አስቀድሞ በፔርሙሱ ውስጥ ጣፍጦ ይጠብቀናል። አልፈልግም ሲሉ «በሞቴ» ይባላል፤ ሐኪም ከልክሎኛል ሲሉ ደግሞ «አንድ ቀን ምንም አያደርግህም» ይባላል፣ ያ አንድ ቀን በሳምንት አራት ጊዜ ይመጣል። እኔም «ስኳር አለበት» መባሉን ፈርቼ ለስምንት ወር ያህል ከቤቴ ውጭ ለማንም ሳልናገር፣ የተቀዳልኝን እየተቀበልሁ ጠጥቻለሁ። ሕመምን መደበቅ ልማዳችን ነው፤ ይኸኛው ልማድ ግን በኩባያ እየተቀዳ የሚጠጣ ነው። በመጨረሻ ለቤቱ እመቤት አስቀድሜ ስልክ ደውዬ «እትዬ፣ ለእኔ ያልጣፈጠ አስቀሩልኝ» ማለት ጀመርሁ። ከቤት ሳይወጡ በስልክ የተነገረ ነገር እንደ ንቀት አይቆጠርም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

በቤተ ክርስቲያናችንም ከቅዳሴ በኋላ የሚቀርበው ሻይ በትልቁ ማፍያ ውስጥ ስኳሩ ተጨምሮበት ነበር የሚመጣው። ሻይ የሚያፈሉትን እናቶች አንድ ማፍያ ሳይጣፍጥ እንዲቀር፣ ስኳሩም ለብቻው በሳህን እንዲቀርብ ለመንኋቸው። በመጀመሪያው እሑድ ወደዚያኛው ማፍያ የምሄደው እኔ ብቻ እንደምሆን ጠብቄ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ተሰለፈ፤ ከእነርሱ መካከል አንዱ በየሳምንቱ «ጨምርበት እንጂ» እያለ ሲገፋፋኝ የኖረው ጓደኛዬ ነበር።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል። ሥጋና ወተት ስንተው፣ በዐቢይ ጾም ለ55 ቀን በዳቦና በማርማላታ፣ በስፓጌቲና በጣፋጭ ሻይ የምንኖር ብዙ ነን፤ ጾማችን ለደም ስኳር ከፍስኩ የባሰ ይሆናል። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑና ክኩ እያለልን ዳቦ ላይ መውደቅ አያስፈልግም። እንጀራም ቢሆን መጠን አለው፤ እዚህ የሚጋገረው ብዙው ከጤፍ ሌላ የስንዴና የሩዝ ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ ጤፍ ነው ብላችሁ ሁለትና ሦስት አትደራርቡ። መድኃኒት የምትወስዱ፣ በተለይም ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ክርስቲያኑም በጾሙ ሙስሊሙም በረመዳን ሳትጀምሩ ሐኪማችሁን አማክሩ። ስኳር ስትቀንሱም እንዲሁ ነው፤ የመድኃኒቱ መጠን ካልተስተካከለ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካላችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሳችሁ ከዞረ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር ወስዳችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። መኪና የምትነዱ ከሆነ ከረሜላ ከኪሳችሁ አይለይ፤ ይህ ከረሜላ መድኃኒት ነው። ሽፈራው፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ በየሱቁ «ስኳር ያጠፋል» እየተባለ ይሸጣል። ለምግብነት መጠቀሙ አይከፋም፤ ሐኪም ያዘዘውን ክኒን ትቶ በእርሱ መተካት ግን ዓይንንና ኩላሊትን ያስከፍላል።

ከሐኪም ጋር ስትገናኙ የምትበሉትን በስሙ ንገሩ። የሚሰጡን ወረቀት ስለ ቶርቲያና ስለ ፓንኬክ እንጂ ስለ እንጀራና ስለ በሶ አይናገርም። እኔ የሁለት ቀን ምግቤን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለሥነ ምግብ ባለሙያዋ አሳየኋት፤ ያን ጊዜ ነው በትክክል የተግባባነው። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ፣ በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን ስለ እናቱ ሕመም አታስተርጉሙት።

የማስጠንቀቂያ ወረቀት የደረሳችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 ከመቶ ያህል ለመቀነስ የጣሩ ሰዎች ወደ በሽታው የመግባት ዕድላቸው በ58 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት የቀነሰላቸው በ31 ከመቶ ነው። ከዚያ ጥናት የተወለደ የአንድ ዓመት ሥልጠና በየአካባቢው ይሰጣል፤ ሜዲኬርም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ይከፍላል። ሐኪማችሁን በስሙ ጠይቁት፦ «ዳያቤቲስ ፕሪቬንሽን ፕሮግራም»። እኔ በተርሚናሉ ተራ ስጠብቅ መኪናዬ ውስጥ ከመተኛት ይልቅ ሃያ ሃያ ደቂቃ መራመድ ጀመርሁ። የመጨረሻው ኤዋንሲዬ 5.8 ነው፤ ገና አልወጣሁም፣ ግን ወርዷል።

አገር ቤት ስትሄዱ የመለኪያ መሣሪያችሁንና በቂ ስትሪፕ ከመድኃኒታችሁ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዙ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ስገባ ለእኅቴ ነገሩን ሁሉ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቤት ድረስ አስረዳኋት፤ አዘነችልኝ፣ ገባኝም አለች። ቤት ደርሰን ሻዩን አቀረበችልኝ፤ ቀመስሁትና ቀና ብዬ አየኋት። «ምነው?» አለችኝ፤ «ለአንተ ብዬ ሁለት ብቻ ነው ያደረግሁበት።»