«ለአማትሽ ብለሽ ነው» ለተባለች እህት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ያደግሁት በሌላ እምነት ነው። ካገባሁ ጀምሮ ከአማቴ ጋር እኖራለሁ። እሁድ እሁድ አራዳ ጊዮርጊስ ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ በር ላይ ነጠላዬን የሚያስተካክሉልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን መጠመቅ እፈልጋለሁ። እህቴ ግን «ለአማትሽ ብለሽ ነው እንጂ አምነሽ አይደለም» አለችኝ። ሰው ወድጄ ብመጣ እምነቴ ይቆጠራል? እናቴንስ መክዳት አይሆንብኝም?

መልስ፦ ይቆጠራል፣ እህቴ። ሞዓባዊቷ ሩትም የመጣችው በአማቷ በኩል ነው። መጀመሪያ «ወደምትሄጂበት እሄዳለሁ» አለች። «ሕዝብሽ ሕዝቤ፥ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን ሁሌም የምትገርመኝ ግን አማቷ ኑኃሚን ናት። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ባዶ እጇን የምትመለስ ሴት ናት። አምላኬ እንዲህ ያደርግልሻል ብላ ሩትን አላባበለቻትም። ጭራሽ የእግዚአብሔር እጅ በእኔ ላይ ወጥቷል እያለች ደጋግማ «ተመለሺ» አለቻት። ሌላዋ ምራቷ ዖርፋ አማቷን ስማ ተመለሰች፤ መጽሐፉም አልወቀሳትም። ሩት የቀረችው ማንም ሳይጎትታት፣ የሚጠብቃት ጥቅም ሳይኖር ነው። ይቺ ሞዓባዊት ናት እንግዲህ የዳዊት ቅድመ አያት የሆነችው፤ ማቴዎስም በጌታ የዘር ሐረግ ውስጥ በስሟ ጠርቷታል። አንቺም ራስሽን ጠይቂ፤ አማትሽ ነገ ቢያስቀይሙሽ ትቀጥያለሽ?

የሰማርያ ሰዎችም መጀመሪያ በጌታ ያመኑት በጉድጓዱ አጠገብ ባነጋገራት ሴት ቃል ነበር። ኋላ ግን ራሳችን ሰምተነዋል፣ ከእንግዲህ ስለ ቃልሽ አይደለም አሏት። አንቺም እዚያ ድረሺ። ለጥምቀቱ አትቸኩዪ፣ ተማሪ። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን»፣ ማለትም ገና ያልተጠመቃችሁ ውጡ፣ ሲል የሚናገረው ገና በመማር ላይ ላለ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከጥንትም እንዳንቺ ያሉትን ስታስተምር ኖራለች። ቁርባኑ ከጥምቀት በኋላ ይደርሳል። አማትሽ ከንስሐ አባታቸው ጋር ያገናኙሽ።

የእናትሽ ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። ሩት አገር ለቃ ነው የሄደችው፤ አንቺ ግን ታክሲ ይዘሽ እናትሽ ጋ ትደርሻለሽ። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ ስለተጠመቅሽ አይነሳልሽም። ከሰው አፍ ሳትሰማ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያት። ብትቆጣ አትከራከሪያት፤ ዝም ብለሽ ስሚያት፣ ከዚያም ደግመሽ ሂጂ። የምትሄጂው በጾም ቀን ከሆነ ቀድመሽ ደውይላት። ወጥ ሠርታ ከጠበቀችሽ በኋላ አልበላም ማለት ክፉኛ ያስከፋታል።