አሮጌዋ ስድስት ጎራሽ ለምን ዛገች? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ አሮጌ ሪቮልቨር ሆኑ። የመጀመሪያው ስቴይንለስ (ከማይዝግ ብረት የተሰራ) ሪቮልቨር የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 60 ነው፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965፣ ከዛ በፊት የተሰሩት እንግዲህ ተራ ብረት ናቸው፣ ካልጠበቋቸው ይዝጋሉ በቃ። ወደ መልሱ ሳልገባ ግን አንድ ነገር፦ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የጥይት ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በአይንም በጣትም እዩ፣ ጥይቱንም ከምትሰሩበት ክፍል አውጡት። «ባዶ ናት ብለውኝ ነበር» የሚለውን ወሬ ስንቴ ሰምቼ ታክቶኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አባቴ ሲያርፍ ሪቮልቨሩ በህጉ መሰረት ወደኔ ዞረች። ለብዙ አመት ከነቆዳ ማህደሯ ሳጥን ውስጥ ነበረች፣ ሳወጣት ጎኗ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አገኘሁ። አንዱ ጓደኛዬ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፋት ይለኛል፣ ሌላው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋት ይላል፣ እኔ ለጊዜው ደብሊው ዲ 40 ነፍቼባት አስቀምጫታለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱንም ጓደኞችህን አመስግነህ ሸኛቸው። ያ ጠቆር ያለው ሰማያዊ ቀለም ብሉዊንግ የሚሉት ማለት ነው፣ ከላይ የተቀባ ቀለም እንዳይመስልህ፣ እሱ ራሱ የዝገት ዘመድ ነው። ብረቱ ሆን ተብሎ በሙቀት ወይ በኬሚካል ማግኔታይት ወደሚባል ጥቁር ኦክሳይድ ተቀይሮ ነው እንደዛ የሆነው። እና ኮምጣጤ ቀዩን ዝገት ከጥቁሩ አይለይም፣ ሁለቱንም ይበላና ግራጫ ራቁቱን የቀረ ብረት ያስረክብሃል። ብርጭቆ ወረቀቱ ደግሞ የባሰ ነው፣ ጠርዙን ያዶለዱመዋል ጽሁፉንና ቁጥሩን ያጠፋዋል፣ ያ ከሄደ አይመለስም።

ዘይት ያዝ። ነጠብጣቡ ላይ ቀጭን የመሳሪያ ዘይት ጠብ አድርግበትና ይደር፣ በነጋታው በጣም ቀጭን በሆነው፣ ባለ አራት ዜሮ በሚሉት የብረት ጥጥ፣ እሱንም ዘይት ነክረህ፣ ጣትህን ሳትጫን ቀስ እያልክ እሸው። የነሐስ ጥጥ ካገኘህ ይበልጥ ይሻላል። ቆረቆር ብሎ የወጣ ዝገት ካለ የንጹህ መዳብ ቁራጭ ጠርዝ ይዘህ በዘይት ፋቀው፣ መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን ያነሳል ብረቱን አይቧጭርም። ግን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክር፣ እጀታው ስር ለምሳሌ። ቡናማ ጭቃ መሳይ ነገር ይወጣል፣ ጥረገው፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና እሸው። ቀዩ ሲጠፋ አቁም። ከስሩ ጥቁር ነጥብ ወይ ትንሽ ጉድጓድ ቢቀር ተወው፣ ያንን ለማጥፋት የሚደረገው ነገር ከነጥቡ በላይ ያበላሻታል።

ማህደሩ ላይ ልመለስ፣ ዋናው ጥፋተኛ እሱ ስለሆነ። ማህደር ቃሉ ማደሪያ ነው፣ ለብረት ግን ማደሪያ አይሆንም። ቆዳ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድ ውስጡ ይቀራል፣ እርጥበትም እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፣ እና ያንን ሁሉ ብረቱ ላይ አስጠግቶ አመት ሙሉ ያቅፈዋል። ይዘህ ለመሄድ ይሁን፣ ለማስቀመጥ አይሁን። ስፖንጅ የተነጠፈባቸው ቦርሳዎችና ሳጥኖችም ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫነት ያው ናቸው።

ደብሊው ዲ 40ን አልጠላውም ግን ስራውን እወቅለት። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቀመመው ውሃን ከብረት ላይ ለማባረር ነው፣ ስሙም ውሃ ማባረሪያ፣ 40ኛ ሙከራ እንደማለት ነው። ዝናብ ከመታት ንፋባት፣ ውሃውን ያስለቅቃል። ግን አብዛኛው ተንኖ ይሄዳል፣ የሚቀረው ስስ ነገር አመት ሙሉ አይጠብቅልህም፣ ስለዚህ እሱን ጠርገህ ደህና የመከላከያ ዘይት ቀባ፣ ስስ አድርገህ፣ እንዲያብለጨልጭ ብቻ። ሲንጠባጠብ እስኪታይ የሚቀባ ሰው አለ፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ወርዶ አቧራ ይዞ ሙጫ ይሆናል፣ እንጨቱንም ያበሰብሰዋል።

እጀታውን ፈተህ ከስሩ እይ። ሰው የማያየው ቦታ እሱ ነው፣ ላብ ወርዶ የሚጠራቀመውም እዛ ነው። ካቻቪቱ የብሎኑን ስንጥቅ ልክ የሚሞላ ይሁን፣ ጠበብ ያለ ካቻቪት አዳልጦ የብሎኑን ጭንቅላት ሲበላው የአሮጌ መሳሪያ ግማሽ ውበት እዛው ላይ ያልቃል። እንጨቱ አልለቅ ካለ በቢላ አትፈልቅቀው፣ ብሎኑን ጥቂት ዙር አላላውና ጭንቅላቱን ቀስ አድርገህ ምታው፣ የወዲያኛው ጎን ራሱ ይነሳል።

ከዚህ በኋላ ያለው የእርጥበት ጉዳይ ነው። የምታስቀምጥበት ቦታ እርጥበቱ 50 ፐርሰንት አካባቢ ቢሆን ጥሩ፣ ትንሽ መለኪያ አስቀምጥበት። ሲሊካ ጄል የሚሰራው እስኪጠግብ ብቻ ነው፣ ጨምረኸው አመት ከረሳኸው ባዶ ከረጢት አስቀመጥክ ማለት ነው፣ ብዙዎቹ አይነቶች በ120 ዲግሪ ገደማ ኦቭን ውስጥ ተመልሰው ይደርቃሉ። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሙቅ ክፍል ስታስገባት ደግሞ ታልባለች፣ የክፍሉን ሙቀት እስክትይዝ ጠብቅና ጠርገህ ዘይት ቀባት። እና ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ካያት በኋላ ጨርቅ አሳርፍባት፣ የሰው አውራ ጣት አሻራ በዝገት የተቀረጸበት ሪቮልቨር በአይኔ አይቻለሁ፣ መስመር መስመሩ ሳይቀር ይቆጠር ነበር። የማትተኮስና ለማየት ብቻ የምትቀመጥ ከሆነ ከዘይት ይልቅ ማይክሮክሪስታላይን የሚባለው ሰም ይሻላል፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰዎች ለቅርሶቻቸው የሚሆን እንዲህ አይነት ሰም ሰርተው ነበር፣ በእጅ ሲነካ እንደ ዘይት ቶሎ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ነጋንት 1895 የምትባለው የድሮ የሩሲያ ሪቮልቨር አለችኝ፣ ከድሮ ጥይት ተኩሼ በደንብ ዘይት ቀባሁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አፈሙዙ ውስጥ ቀይ ሆኗል። ዘይቱ ነው መጥፎው?

መልስ፦ ዘይቱ ምንም አላደረገም፣ ጥይቱ ነው። በድሮ ጥይቶች ካፕሱል፣ ባሩዱን በሚያቀጣጥለው ማለት ነው፣ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ነበር፣ ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፣ ጨው ነው በቃ፣ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም፣ አንተ ጨውን በዘይት ሸፍነህ አስቀመጥክ ማለት ነው። የሚያወጣው ሙቅ ውሃ ነው። ሰው ብረትን በውሃ ማጠብ ይፈራል ግን እዚህ ላይ ውሃ ነው መድሃኒቱ። አፈሙዙን፣ ሁሉንም የጥይት ጉድጓድ፣ የሲሊንደሩን ፊትና ከበላዩ ያለውን የብረት ድልድይ እጠብ፣ በብዙ ሪቮልቨሮች ጭሱ በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መሀል ባለው ክፍተት እዛ ድረስ ይረጫል፣ ነጋንት ሲተኮስ ክፍተቱን ብትዘጋም አትለፈው። ከዛ እስኪደርቅ አድርቅ፣ ከዛ ዘይት። በዛው ቀን።

ጥያቄ፦ የገዛኋት ሪቮልቨር ሲሊንደሯ ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭረት አለባት። ተሸወድኩ?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሲሊንደሩን ቦታው ላይ የምትቆልፍ ትንሽ ብረት አለች፣ በብዙ ሪቮልቨሮች ላይ ቀዳዳዋ ጋር ከመድረሷ በፊት ቀድማ ትነሳና ትፈገፍጋለች፣ ስለዚህ መስመሩ ይመጣል። የኮልት 1873 አይነቷ ግን የተጠቃሚ ጥፋት ነው የሚበዛው። እሷን ለማጉረስ መዶሻዋ ግማሽ ላይ ትደረጋለች፣ ከዛው ከግማሽ ላይ ወደ ታች ከመለስካት ቁልፏ በቀዳዳዎቹ መሀል ላይ ታርፍና እየተጎተተች ትቧጭራለች። ሙሉ እስክትቆም ስበህ ከዛ በአውራ ጣት ይዘህ መልሳት፣ ባዶ መሳሪያ ላይ ተለማመደው። ወደ ጎን የሚከፈተውን ደግሞ እንደ ፊልም እጅህን ወንጨፍ አድርገህ አትዝጋው፣ ሲሊንደሩን የተሸከመው ክንድ ይጎብጣል፣ በእጅህ ግፋውና ጠቅ እስኪል አዙረው።

ጥያቄ፦ የኔዋ ነጭ ናት፣ ኒኬል። የመዳብ ማጽጃ ተጠቅሜ ጠርዟ መላጥ ጀመረ። እንደገና ኒኬል ይነከርልኝ ወይ?

መልስ፦ ማጽጃው አሞኒያ ይኖረዋል። በአንዳንድ መሳሪያ ከኒኬሉ ስር የመዳብ ንጣፍ አለ፣ አሞኒያው በስንጥቁ ገብቶ መዳቡን ሲበላው ከላይ ያለው ይነሳል። ማጽጃውን ጣለው፣ የተነሳውን ጠርዝ በጥፍርህ አትላጥ፣ ስስ ሰም ቀባው። እንደገና ይነከርልኝ ወይ ብለህ ጨምረሃል፣ እኔ አላስነክርም፣ ለመንከር መጀመሪያ ይሞረዳል፣ ያረጀም ቢሆን የራሷ መልክ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከአዲስ መልክ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የጥይት እርሳስ ማስለቀቂያ የሚባለውን ቢጫ ጨርቅ ገዝቼ ሲሊንደሩን ጎን ለጎን ሳሸው ጨርቁ ጥቁር ይሆናል፣ ሁለት ሰአት አሸሁት አሁንም ጥቁር እየወጣ ነው፣ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ አቁሚ! ያ የሚወጣው ብሉዊንጉ ነው።