«ያዘ» እና «ቀሰቀሰ»፦ አጎኒስትንና አንታጎኒስትን በአማርኛ እንዴት እንጻፍ?

ጥያቄ፦ ለጤና ተማሪዎች የሚሆን የመድኃኒት ትምህርት በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ሪሴፕተርን «ተቀባይ»፣ አጎኒስትን «አነቃቂ»፣ አንታጎኒስትን «ተቃራኒ መድኃኒት» ብዬ ተርጉሜያለሁ። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር አለኝ፦ «ሳልቡታሞል በቤታ ሁለት ተቀባዮች ላይ የሚሠራ አነቃቂ ሲሆን ፕሮፕራኖሎል ደግሞ የእሱ ተቃራኒ መድኃኒት ነው።» ያነበበው የፋርማሲ ባለሙያ «ተቃራኒ» የሚለውን አልተቀበለውም፤ ለምን እንደሆነ ግን በአማርኛ ሊያስረዳኝ አልቻለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ባለሙያው ልክ ነው። በአማርኛ ማስረዳት ያቃተው ስም ፍለጋ ስለተጀመረ ይመስለኛል። በዚህ ጉዳይ ግሡ ከተስተካከለ ስሙ በራሱ ይመጣል፤ ስለዚህ ከግሡ እንነሳ።

መድኃኒት ከተቀባዩ ጋር ሲገናኝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ። አንደኛው መያዝ ነው፤ የመድኃኒቱ ሞለኪውል በተቀባዩ ፕሮቲን ላይ ለእሱ የሚመች ቦታ ያገኝና ያን ቦታ ይይዛል። ሁለተኛው መቀስቀስ ነው፤ የተያዘው ፕሮቲን ቅርጹን ለውጦ ወደ ሕዋሱ ውስጥ መልእክት ያስተላልፋል፤ የአዮን መተላለፊያ ይከፈታል፣ ኢንዛይም ሥራ ይጀምራል፣ በመጨረሻም ጡንቻው ይኮማተራል ወይም ይፍታታል። አጎኒስት ይይዛልም ይቀሰቅሳልም። አንታጎኒስት ይይዛል፣ ነገር ግን አይቀሰቅስም፤ ቦታው ስለተያዘም ሌላው መጥቶ መቀስቀስ አይችልም። ሁለቱን ግሦች አንድ ላይ የጠቀለለ ማንኛውም ትርጉም ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ ያጨልመዋል።

የሐሳቡ ታሪክ ራሱ በእነዚህ ሁለት ግሦች ላይ የቆመ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኒውፖርት ላንግሌይ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጥናት የዶሮ ጡንቻ ላይ ኒኮቲን ሲያደርግ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ኩራሬ የተባለውን የቀስት መርዝ ሲጨምር መኮማተሩ ይታገዳል። ወደ ጡንቻው የሚሄደው ነርቭ ተቆርጦ ከሞተ በኋላም ኒኮቲኑ ይሠራል፣ ኩራሬውም ያግደዋል። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙት ነርቩ ላይ ሳይሆን ጡንቻው ውስጥ ባለ አንድ «ተቀባይ ነገር» ላይ ነው አለ። ኩራሬው ለብቻው ጡንቻውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አይወስደውም፤ ኒኮቲኑ እንዳይቀሰቅስ ከማድረግ በቀር የራሱ ትእዛዝ የለውም።

«ተቃራኒ» የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተቃራኒ ስንል የራሱ አቅጣጫ ያለውን ማለታችን ነው፤ የሙቀት ተቃራኒ ቅዝቃዜ፣ የመውጣት ተቃራኒ መውረድ ነው። አንታጎኒስት እንዲህ ያለ የራሱ አቅጣጫ የለውም። ናሎክሶንን ይመልከቱ፤ በሞርፊን ብዛት ትንፋሹ የደከመን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያነቃዋል። ይኸው ናሎክሶን በተለመደው መጠን ሞርፊንም ሆነ ዘመዶቹ በሰውነቱ ለሌሉት ሰው ቢሰጥ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። የሞርፊን «ተቃራኒ» ቢሆን ኖሮ ይህን ሁለተኛውን ሰው ከልክ በላይ ያነቃው ወይም ያሳምመው ነበር።

ለመሳሳቱም ምክንያት አለው፤ አንዳንድ አንታጎኒስት ከውጭ ሲታይ በእርግጥ የራሱ ውጤት ያለው ይመስላል። አትሮፒን የልብ ምት ያፈጥናል፤ ተማሪም «አትሮፒን ልብ የሚያፈጥን መድኃኒት ነው» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ቬገስ የተባለው ነርቭ አሴቲልኮሊን እየለቀቀ ልብን ያለማቋረጥ ያዝ ያደርጋታል፤ አትሮፒን ተቀባዩን ሲይዝበት ልጓሙ ይላላና ልብ ትፈጥናለች። ማስረጃው ንቅለ ተከላ የተደረገላት ልብ ናት፤ ነርቮቿ ስለተቆረጡ አትሮፒን ቢሰጥ ምቷ እንደተለመደው አይፈጥንም። የሚላላ ልጓም የለማ! ስለዚህ ትክክለኛው አማርኛ «አትሮፒን የቬገስን ልጓም በማላላት ልብ እንድትፈጥን ያደርጋል» ነው። «ያፈጥናል» እና «እንድትፈጥን ያደርጋል» መካከል ያለው ልዩነት እዚህ የሰዋስው ቅንጦት አይደለም፤ መድኃኒቱ መቼ እንደማይሠራ የሚነግረን እሱ ነው። ፕሮፕራኖሎልም እንዲሁ፤ ያረፈ ሰው የልብ ምት ላይ የሚያመጣው ለውጥ መጠነኛ ነው፣ የሚሮጥ ሰው ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። የሚያግደው አድሬናሊንና ኖራድሬናሊን የሚበዙት በሩጫ ጊዜ ነውና።

አጎኒስትን «አነቃቂ» ማለትም በሌላ በኩል ያሳስታል። አማርኛ አንባቢ «አነቃቂ» ሲል የሚታየው እንቅልፍ የሚያባርር፣ ሰውነት የሚያቀላጥፍ ነገር ነው። ሞርፊን ሙ የተባለው የኦፒዮይድ (የሞርፊንና የዘመዶቹ) ተቀባይ አጎኒስት ነው፤ ተቀባዩን ይቀሰቅሳል፣ ሰውየውን ግን ያስተኛል፣ ትንፋሹንም ያዘገያል። «ሞርፊን አነቃቂ ነው» የሚል መስመር የተማረ ሰው በፈተናም በሥራም ይወድቃል። የተነቃቃው ተቀባዩ እንጂ ሰውየው አለመሆኑ በቃሉ ላይ መታየት አለበት።

የእኔ ምርጫ አጎኒስትን «ተቀባይ ቀስቃሽ»፣ አንታጎኒስትን «ተቀባይ አጋጅ» ማለት ነው። «ቀስቃሽ» ብቻውን አይቁም፤ «ሕመም ቀስቃሽ»፣ «ሕዝብ ቀስቃሽ» የሚሉ አገባቦች ስላሉት የሚቀሰቀሰው ማን እንደሆነ ይነገር። «አጋጅ» ከ«አገደ» የወጣ ነው፤ «አጋች» ብለው እንዳይጽፉት ይጠንቀቁ፣ ያኛው ከ«አገተ» ነው፣ ሰው የሚያግት ማለት ነው። «ገቺ»ን ደግሞ ለኢንዛይም ይተዉልኝ። ይህን የምለው ለማሳመር ብዬ አይደለም። ኤናላፕሪልና ሎሳርታን ሁለቱም ለደም ግፊት ይሰጣሉ፤ ኤናላፕሪል አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለውን የደም ሥር አጥባቢ የሚያመርተውን ኢንዛይም ይገታል፣ ሎሳርታን አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚያርፍበትን ተቀባይ ያግዳል። የመጀመሪያው ብራዲካይኒን የተባለው የሰውነት ኬሚካል የሚፈርስበትንም መንገድ አብሮ ስለሚገታ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሁለተኛው ይህን እምብዛም አያደርግም። «ገታ» እና «አገደ» ከተለዩ ተማሪው ሳሉ ከየት እንደመጣ ከግሡ ያነበዋል።

«ማርከሻ» የሚለውን ጥሩ ቃላችንንም ለአንታጎኒስት የሚያውሉት አሉ። ማርከሻ የውጤት ስም ነው፤ እንዴት እንዳረከሰ አይናገርም። ፕሮታሚን ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው የሄፓሪን ማርከሻ ነው፤ ሄፓሪኑን ደም ውስጥ ራሱን ይዞ ያከሽፈዋል እንጂ ምንም ተቀባይ አያግድም። ናሎክሶን ማርከሻም ነው አጋጅም ነው። በየቀኑ ለደም ግፊት የሚወሰድ ሎሳርታን አጋጅ ነው፣ ማርከሻ ግን አይባልም።

«ተቀባይ» ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። ቃሉ ጥሩ ነው፣ ተለምዷልም፤ ነገር ግን «መድኃኒት ተቀባይ» ሲባል አንባቢ ታማሚውን ያስባል፣ «ኩላሊት ተቀባይ» እንደምንለው። በጽሑፉ መጀመሪያ «ተቀባይ ፕሮቲን» ብለው ይክፈቱ፣ ብዙውንም «ተቀባይ ፕሮቲኖች» ያድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይቻላል።

ተማሪን በብዛት የሚያደናግረው ግን የቁልፍ ምሳሌ ነው። በየቋንቋው መጽሐፍ መድኃኒትና ተቀባይ በቁልፍ ይመሰላሉ። በአማርኛ «ቁልፍ» መክፈቻውም ነው፣ የሚከፈተውም ነው፣ የልብስ ቁልፍም ነው! «መድኃኒቱ ቁልፍ ሲሆን ተቀባዩም ቁልፍ ነው» የሚል ነገር ላይ ሲደርሱ ምሳሌው ይፈርሳል። የግድ ከፈለጉት «መክፈቻ» እና «ጓጉንቸር» ይበሉ። እኔ ግን «ቦታ መያዝ»ን እመርጣለሁ፤ አንድ መቀመጫ አለ፣ ሠራተኛ ሲቀመጥበት ሥራ ይሠራል፣ የማይሠራ ሰው ሲቀመጥበት ቦታው ተይዟል፣ ሥራም የለም። ይህ ምሳሌ መክፈቻው የማያሳየውን ያሳያል፤ ሞለኪውሉ ተቀምጦ አይቀርም፣ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል፣ እንደገና ይመለሳል። ለዚህም «ይጣበቃል» የሚለውን ግሥ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ የተጣበቀ ነገር አይለቅምና። «ይጣበቃል»ን በእርግጥ ለማይለቁት ያቆዩት፤ ፌኖክሲቤንዛሚን የአልፋ ተቀባይን በጠንካራ ኬሚካላዊ ትስስር ስለሚይዝ ሰውነት አዲስ ተቀባይ እስኪሠራ ድረስ ውጤቱ ለቀናት ይቆያል።

መቀመጫው ላይ ለሚደረገው ፉክክር አማርኛ እጅግ ትክክለኛ ግሥ አለው፦ መሻማት። አንድን ነገር ሁለት ሆኖ መፈለግና ለመቅደም መሞከር ነው። እንዲህ ያለው አንታጎኒስት «ተሻሚ አጋጅ» ይባል። ተሻሚ መሆኑ በቁጥር ይታያል። አጋጁ ብቻውን ቢሆን ግማሹን ተቀባይ ሊይዝ በሚችልበት ክምችት (ኮንሰንትሬሽን) ሲገኝ፣ ቀስቃሹ የቀድሞ ውጤቱን ለማምጣት 2 እጥፍ ክምችት ያስፈልገዋል፤ አጋጁ የዚያ 9 እጥፍ ሲሆን ደግሞ 10 እጥፍ። የቀስቃሹ የመጨረሻ ጣሪያ አይወርድም፣ የሚደረስበት መጠን ብቻ ይርቃል። የማይሻማ አጋጅ ሲሆን ጣሪያው ራሱ ይወርዳል፤ ማደንዘዣው ኬታሚን ግሉታሜት የተባለው የነርቭ መልእክተኛ የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይነካ በዚያው ተቀባይ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ይዘጋልና ግሉታሜት ቢጨመርም አያስለቅቀውም።

«አስለቀቀ» ያልኩትን ያስተውሉ። ናሎክሶን ሞርፊንን «አያጠፋም»፣ «አያስወግድም»፤ ቦታ ያስለቅቀዋል። ሞርፊኑ እዚያው ሰውነት ውስጥ ነው። የናሎክሶን ሥራ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ገደማ የሚቆይ ሲሆን ሜታዶንን የመሰለ ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኦፒዮይድ ግን ከዚያ በኋላም አለ፤ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል፣ ትንፋሽም እንደገና ይደክማል። «ናሎክሶን መድኃኒቱን ያጠፋዋል» ብሎ የተማረ ሰው ታማሚው ስለነቃ ብቻ ሊያሰናብተው ይችላል። «ለጊዜው ያስለቅቀዋል» የተባለ ሰው ግን አጠገቡ ቆይቶ ትንፋሹን ይቆጥራል።

በሁለቱ መካከል «ከፊል ቀስቃሽ» አለ፤ ሁሉንም መቀመጫ ቢይዝ እንኳ ሙሉ ሥራ የማይሠራ። ቡፕረኖርፊን እንዲህ ነው። የመያዝ ብርታቱ ትልቅ፣ የመቀስቀስ ዐቅሙ ግን ውስን ነው። ሱስ ይዞት ሞርፊን ወይም ሄሮይን በቅርቡ ለወሰደ ሰው ቢሰጥ ሙሉውን ቀስቃሽ አስለቅቆ በትንሹ ይተካዋል፤ ሰውየውም በድንገት የማቋረጥ ሕመም ይይዘዋል። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ የማቋረጡ ምልክት እስኪታይ ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ «ኃይለኛ መድኃኒት» የሚለው አነጋገራችን ምን ያህል ድፍን እንደሆነ ይታያል፤ በትንሽ መጠን መሥራት አንድ ነገር ነው፣ ከፍተኛ ውጤት ላይ መድረስ ሌላ። በደም ሥር 100 ማይክሮግራም ፌንታኒል ከ10 ሚሊግራም ሞርፊን ጋር ይቀራረባል፤ 100 እጥፍ በትንሹ ይሠራል ማለት ነው እንጂ ጣሪያው 100 እጥፍ ከፍ ይላል ማለት አይደለም።

«ተቃራኒ» ቦታ የሚያገኝበት አንድ ቡድን ግን አለ። አንዳንድ ተቀባይ ማንም ሳይቀመጥበት በመጠኑ የሚሠራ ነው፤ ይህን የራሱን እንቅስቃሴ የሚያበርድ መድኃኒት ኢንቨርስ አጎኒስት ይባላል። ለአለርጂ የሚወሰዱ ብዙ የሂስታሚን ተቀባይ መድኃኒቶች እዚህ ይመደባሉ። ይህን «አብራጅ» ብንለው ከአጋጁ ይለያል፤ የቀስቃሽ ተቃራኒ ቢባልም አልቃወምም፣ ይህኛው በእርግጥ የራሱ አቅጣጫ አለውና።

አሁን ወደ ዐረፍተ ነገርዎ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሳልቡታሞል በሳንባ ውስጥ ቤታ ሁለት የተባሉትን ተቀባይ ፕሮቲኖች ይዞ ይቀሰቅሳል፤ የአየር ቧንቧ ጡንቻም ይፍታታል። ፕሮፕራኖሎል እነዚያኑ ተቀባዮች ይይዛል፣ ነገር ግን ሳይቀሰቅሳቸው ሳልቡታሞልን ይሻማዋል።» «በተቀባዮች ላይ የሚሠራ» የሚለው ወጥቷል፤ ምን እንደሚሠራ አይናገርም ነበርና። «የእሱ» የሚለውም ወጥቷል፣ ፕሮፕራኖሎል የሳልቡታሞል ብቻ አጋጅ ስላልሆነ፤ የሰውነትን የራሱን አድሬናሊንም ያግዳል። ከዚህ ቀጥለው «ስለዚህ አስም ላለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል አይሰጥም፤ ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል፣ የሚነፋው ሳልቡታሞልም የወትሮውን ያህል ላይሠራለት ይችላል» ብለው ቢጨምሩ ተማሪው «ይሻማዋል» ከሚለው ግሥ ራሱ ይደርስበታል።