«ለሰው ምን እላለሁ?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። ልብ አንድ ሥራ ይፈልጋል፣ ቤተሰብ ሌላ ይላል፣ ብሩ ደግሞ ሁልጊዜ ቤተሰብ ባለበት በኩል ነው። ስለዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው ወደድኩ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ማን እንደጻፈ የሚያሳብቀውንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ኩዌት ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ወንድሞቼን አስተምሬያለሁ፣ ለእናቴ ቤት አሠርቻለሁ። አሁን አገሬ ገብቼ አዋላጅ ነርስ መሆን ነው የምፈልገው። ለቤት ስነግራቸው «አንድ ኮንትራት ብቻ ጨምሪ» ይላሉ። ባለፈውም እንደዚሁ ብለው ነበር። ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ክፍል ልቀመጥ ወይ? (ከኩዌት)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ አዋላጅነት ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው?

ቤተሰብሽን ለማማት አይደለም። ዓረብ አገር በላቧ ያሠራችው ቤት፣ ስትመጣ በወንድሟ ስም ሆኖ የሚጠብቃት እህት ብዙ ናት። መነሻው ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። አንቺ እዚያ ነሽ፣ መሬቱ እዚህ ነው፣ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል፣ ወንድም ይፈርማል። ከዚያ ወንድም ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ነገሩ ይረሳል። በውክልና የተሠራ ከሆነ ውክልናው ምን እንደሚል አንብቢው። ስምሽ ከሌለበት እንዲስተካከል የምትጠይቂው አሁን ነው፤ ገና ላኪ ሳለሽ። የላኪ ቃል ይሰማል። ሻንጣዋን ይዛ የገባች ልጅ ግን በክብር እንግዳ የምትሆነው ለሁለት ሳምንት ነው።

«አንድ ኮንትራት ብቻ» ላሉሽ፤ አንድ ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው። ክፉ ሰዎች አይመስሉኝም። ዘጠኝ ዓመት በየወሩ የገባ ብር ግን ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ደመወዝ ሆኗል፤ ደመወዙን በገዛ ፈቃዱ የሚያስቆም ቤት ደግሞ አላየሁም። ስለዚህ «ይበቃሻል፣ ነይ» እስኪሉሽ አትጠብቂ። ቀኑን አንቺ ቁረጪና ለሁሉም በአንድ ጊዜ ንገሪ። ለእናትሽ ለብቻ፣ ለወንድምሽ ለብቻ ካልሽ ወሬው እየተጣመመ ይደርሳል።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሻል። አንዱ ውለታ ነው። እናትሽ አሳድገውሻል፣ ወንድሞችሽ ትንንሽ ነበሩ፣ አንቺ ታላቅ ነበርሽ። ይህንን ከፍለሻል፤ ከነወለዱ። ሌላው የሰው ዓይን ነው። «የእገሊት ልጅ ኩዌት ናት» ሲባል የሚገኘው ክብር፣ ለአክስት ልጅ ሠርግ የሚጠበቀው መዋጮ፣ «ለሳሎኑ አዲስ ሶፋ ቢገባበት» የሚለው። ይህኛው ዕዳሽ አይደለም። የዛሬዎቹ ደብዳቤዎች ሁሉ ላይ የማየው ይህንኑ መደባለቅ ነው፤ ያንቺ ላይ ግን በጣም ጎልቶ ወጣ።

እንግዲህ በተግባር እንዲህ አድርጊ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግማሹን ብቻ ላኪ። ያስተማርሻቸው ወንድሞችሽ ሥራ ይዘው ከሆነ፣ የእናታችሁ ወጪ ግማሹ የእነሱ መሆኑን በግልጽ ንገሪያቸው። የቀረውን በራስሽ ስም አስቀምጪ። ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ አገር ቤት ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላል፤ ጠይቂ። የዚያን ሒሳብ ውክልና ለማንም አትስጪ። ለማንም ስል ለማንም ማለቴ ነው። የምታጠራቅሚው የኮሌጅ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪ በሆንሽባቸው ዓመታት የምትበይውንም ጭምር ይሁን። ኮሌጅ ከመምረጥሽ በፊት ደግሞ እውቅናው በተለይ ለሚድዋይፈሪ (ለአዋላጅ ነርስነት) ትምህርት የተሰጠ መሆኑን አጣሪ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትሽን ከአሁኑ አስፈልጊ፤ ያረጀ ወረቀት ማግኘት ጊዜ ይፈጃል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ከዚያው ከወሊድ ሙያ አንድ ሰው ልጥቀስልሽ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ገና በልጅነታቸው ወልደው በፊስቱላ፣ ማለትም በአስቸጋሪ ምጥ በሚመጣና ሽንት መቆጣጠር በሚያሳጣ ጉዳት፣ ተጎድተው ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሐምሊን ጋ ታካሚ ሆነው ገቡ። ማንበብ አይችሉም ነበር። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀሩ። አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፣ የቀዶ ጥገና ረዳት ሆኑ፣ በመጨረሻ ራሳቸው ቀዶ ጥገና የሚሠሩና ለሐኪሞች የሚያሳዩ ሆኑ። አንቺ ቢያንስ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ የሕንፃ ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ትቼ ሥዕል እማራለሁ አለኝ። እኔ ሌሊት ሌሊት አይሱዙ እየነዳሁ ያስተማርኩት ለቁም ነገር እንዲበቃ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» ነው የሚለው። አሁን ለሰው ምን እላለሁ? (ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ድካምዎን አቃልዬ አላየውም። ልጅዎም ማቃለል የለበትም። «ሥዕል ደስ ይለኛል» ብቻ ብሎ ከሆነ አልበቃም። ምን ሥሏል? ለእርስዎ አሳይቶዎታል? ከሙያው ሰዎች ያየለት ማን ነው፣ ምን አለው? ይህን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት። «ለሰው ምን እላለሁ» የሚለው ጥያቄ ግን የእርስዎ እንጂ የልጁ ሸክም አይደለም። «ሥዕል ይማራል» ይበሉ። ሰው ትንሽ ያወራል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ልጅ ያልፋል።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ዝንባሌያቸው ታይቶ ወደ ሥነ ጥበብ ዞሩ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ገብተው ያንን ግድግዳ የሚያህል ባለቀለም መስታወት አይተውት ያውቃሉ? የእሳቸው ሥራ ነው። የማዕድን መሐንዲስ ሆነው ቢመለሱ አገሪቱ አንድ መሐንዲስ ታገኝ ነበር፤ እሱም አይጠላም፤ መስታወቱ ግን አይኖርም።

ይህን የነገርኩዎት ልጅዎ አፈወርቅ ይሆናል ለማለት አይደለም። አብዛኛው ሠዓሊ ሥዕል ሸጦ ብቻ አይኖርም። ያስተምራል፣ ግራፊክስ ይሠራል፣ ለማስታወቂያ ድርጅት ይቀጠራል። ልጅዎ ይህን አውቆ ይግባበት። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ የሚቀበለውም በእጅ ሥራ ፈትኖ ነው። ፈተናውን ይውሰድ። ካለፈ፣ ከእርስዎና ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አይቶ ፈረደለት ማለት ነው። ካላለፈ ደግሞ መመለሻ ይኑረው፤ ለዚህም ከምህንድስናው ዝም ብሎ አይጥፋ። ሬጅስትራር ሄዶ ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ፣ ይሙላ። ያልሞላ ተማሪ ልመለስ ሲል ምን እንደሚገጥመው ግቢውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሥዕሎቹን አምጣና አሳየኝ ይበሉት። ባይገባዎትም ይዩለት።

ጥያቄ፦ ትርጉም ያለው ሥራ የምትሉት ነገር የጠገበ ሰው ወሬ ነው። አከራዬ ሁለቴ ጨመረብኝ። ትርጉሙን ለአከራዬ ልስጠው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፤ ተቀብያለሁ። ልጆቹ እንዳይራቡ የማይወደውን ሥራ የሚሠራ ሰው ትርጉም አጥቷል የሚል ካለ እኔ አይደለሁም።

ግማሹ ግን ልክ አይደለም። አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ከግሸን ማርያም መልስ በረሃብ መሐል ያገኟቸውን ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ሥራና ትዳር የነበራቸው ሴት ነበሩ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ባለቤታቸው አልተስማሙም። እሳቸው ልጆቹን መርጠው ከቤታቸው ወጡ። ከጥጋብ አይደለም የተነሱት፤ ወደ ችግር ነው የገቡት። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በሺህ የሚቆጠር ልጅ እናት ነበሩ። እርስዎም እንዲህ ያድርጉ ብዬ አልጠይቅም፤ እኔም አላደርገውም። የጠገበ ሰው ወሬ ነው ለሚለው ብቻ ነው መልሴ። ኪራዩን ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ የማትሪክ ውጤቴ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም «ሜዲሲን» ይላሉ። እኔ ፕላንት ሳይንስ ነው የምፈልገው። አባቴ «ከእርሻ ያወጣሁሽ ተመልሰሽ እንድትገቢ ነው ወይ?» አለኝ። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የአባትሽ ንግግር ሳቅም እንባም አመጣብኝ። ጭቃ ረግጦ ያሳደገ ሰው ነው የሚናገረው፤ ስለዚህ በክርክር አታሸንፊውም፤ አሳዪው። ቤታችሁ ጤፍ ይዘራል? «ቁንጮ» የሚባለውን ዝርያ ያውቀዋል? ያ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ ነው። እሱን ያወጡት አንቺ የምትፈልጊውን ዓይነት ትምህርት የተማሩ ሰዎች ናቸው። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ማሽላውን አጥፍቶበት ያውቅ እንደሆነም ጠይቂው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ወሎንኮሚ አካባቢ ከገበሬ ቤት የወጡ ናቸው፤ ሐሮማያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። አባትሽ ሐኪም ሲል ሀብት እያሰበ ከሆነ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ምን ሲሉ እንደነበር አስታውሺው። ሕክምና ትልቅ ሙያ ነው፤ ለሚወደው ሰው። ለብር ብሎ የሚገባበት ሰው ግን ሒሳቡን ደግሞ ይሥራው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፕላንት ሳይንስ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅም ብዙ ነው። ምርምር ውስጥ መግባት ከፈለግሽ በመጀመሪያው ዲግሪ አያበቃም።

ጥያቄ፦ እዚህ ትራክ ነው የምነዳው። ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ ልጆቼን ግን በስልክ ነው የማሳድገው። ባለቤቴ «የትምህርት ቤት አውቶቡስ ንዳ» ትላለች። አገር ቤት ያሉት እህቶቼ ደግሞ ከትራክ ወደ አውቶቡስ ልሂድ ስል አበደ ይሉኛል። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ባለቤትህን ስማት። ሲዲኤሉ (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ) በእጅህ ነው፤ የተሳፋሪና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ፈቃዶቹን መጨመር ነው የሚቀርህ። ክፍያው ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ ከባለቤትህ ጋር ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ኢንሹራንሱንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። ለእህቶችህ ከዚህ በኋላ የምትልከውን መጠን ንገራቸው እንጂ የምትነዳውን መኪና ዓይነት ማስረዳት አይጠበቅብህም።

ጥያቄ፦ ባንክ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ቀን እሱ ነው። ሁለተኛ ደረጃ መምህር ልሆን አስቤያለሁ። እጮኛዬ ተስማምታለች። አባቷ ግን «ባንከር ነው ተብዬ ነው የፈቀድኩት» አሉ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለአማትህ ሽማግሌ ይሂድላቸው። ለትዳሩ የተላኩት ራሳቸው ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ነገሩን የጀመሩት እነሱ ናቸው። በአባቶቻችን ጊዜ መምህር መሆን ሙሽራ የሚያስመርጥ ሙያ እንደነበርም ያስታውሷቸው። እጮኛህ ተስማምታለች ስትል ግን የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ በቁጥር ታውቃለች ወይስ «የፈለግከውን ሁን» ነው ያለችህ? ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሌላው፣ ከባንኩ በሠራተኛ ወለድ የወሰድከው የቤት ወይም የመኪና ብድር ካለ፣ ስትለቅ ወለዱ ወደ ደንበኛ ዋጋ ሊወጣ ይችላል። ውልህን አንብብ። ብዙ ባንከር ሥራውን ጠልቶ የሚቀረው በዚህች አንቀጽ ነው።

ሦስተኛው፣ ቅዳሜ የምታስጠናቸው ልጆች ፈልገው የመጡ ናቸው። ክፍል ውስጥ የምታገኘው ስልሳ ልጅ ግን ሁሉም ፈልጎ አልመጣም። ዓመት ፈቃድህን ተጠቅመህ አንድ መንግሥት ትምህርት ቤት አስፈቅደህ ለአንድ ሳምንት ከኋላ ተቀመጥ። ከዚያም በኋላ ካማረህ፣ የትምህርት ዘርፍ ዲግሪ ስለሌለህ ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ሥልጠና መውሰድ ይኖርብሃል፤ የአንተ ዲግሪ ሒሳብ ለማስተማር ይቀበሉት እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። የሥልጠና ግዴታ ፈርመህ ከሆነ ግን እሱን ሳትጨርስ ማመልከቻ እንዳታስገባ።