«ብርድ ገባኝ» ወይስ «ሙቀቴ ወጣ»? የደብረ ብርሃን ልጆች ጥያቄ

ደብረ ብርሃን ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲጀምር ልጆችም ወላጆችም ስለ ሙቀት ይጠይቁኛል። ዛሬ የተጠየቅኩትን እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ እናቴ «በሩን ዝጋ፣ ብርድ ይገባል» ትለኛለች። ብርድ እውነት ይገባል? (5ኛ ክፍል)

መልስ፦ መጀመሪያ በሩን ዝጋ። ቀዝቃዛ አየር በበሩ መግባቱ እውነት ነው። «ብርድ» የሚባል ራሱን የቻለ ነገር ግን የለም። ያለው ሙቀት ነው፤ እሱ ሲጎድል ብርድ እንላለን። ሙቀት በራሱ የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ብቻ ነው። «ብርድ ገባኝ» ስትል በፊዚክስ «ሙቀቴ ወጣ» ማለትህ ነው። ለእናትህ ግን እንዲህ ብለህ እንዳትመልስላት።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ «የሙቀት ግሬዲየንት ምንድን ነው?» ብላኝ አፈርኩ።

መልስ፦ አይፈሩ፣ ከባዱ ቃሉ ነው። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ወርደው ያውቃሉ አይደል? ግሬዲየንት ማለት ያ ቁልቁለት ነው። ውሃ ቁልቁለቱ ሲብስ ይምዘገዘጋል፣ ሜዳ ላይ ይተኛል። ሙቀትም እንደዚያው። ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ፣ ውጪ 5 ዲግሪ ነው እንበል። ልዩነቱ 15 ነው። ይህ 15 ዲግሪ በአንድ ስስ ቆርቆሮ ውስጥ ከወረደ ገደል ነው፤ ሙቀቱ ተንደርድሮ ይወጣል። በወፍራም የመንዝ ድንጋይ ቤት ግድግዳ ውስጥ ከወረደ ግን ቁልቁለቱ ለስለስ ይላል፣ ሙቀቱም እያዘገመ ይወጣል። ውስጥና ውጪው እኩል ሲሆን ቁልቁለት የለም፤ ጉዞውም ያበቃል።

ጥያቄ፦ ውጪ ያደረ ዶማ ብረቱ እጅ ይቆርጣል፣ እጀታው ግን ምንም አይልም። ብረቱ የበለጠ ቀዝቅዞ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አብረው ስላደሩ መጠነ ሙቀታቸው እኩል ነው። ብረት ግን ሙቀትን ከእንጨት በመቶዎች እጥፍ አሻግሮ ያስተላልፋል። የእጅህን ሙቀት ነጥቆ ወደ ውስጡ ይዞት ይሮጣል። እንጨቱ የነካኸውን ቦታ ብቻ አሙቆ ይቀመጣል። ጣትህ የሚለካው ሙቀቱ ከአንተ የሚወጣበትን ፍጥነት ነው እንጂ ዲግሪውን አይደለም። ጣት መጥፎ ቴርሞሜትር ነው።

ጥያቄ፦ በርኖስ ያሞቃል አይደል?

መልስ፦ ይህን ክፍል ውስጥ ሞክረነዋል። ማታ ውጪ የተውነው ሳህን ውሃ ጠዋት ስስ በረዶ ለብሶ አገኘነው። በረዶውን ለሁለት ከፍለን አንዱን በበርኖስ ጠቀለልን፣ ሌላውን ጠረጴዛ ላይ ተውን። «የቱ ቀድሞ ይቀልጣል?» ስል ክፍሉ በሙሉ «የበርኖሱ!» አለ። አንዲት ልጅ ብቻ ዝም አለች። የጠረጴዛው ውሃ ሲሆን የተጠቀለለው ገና በረዶ ነበር። በርኖስ እሳት የለውም። ሱፉ መካከል የታሰረው አየር ሙቀት እንዳያልፍ ያዘገያል፤ ያንተን እንዳይወጣ፣ ለበረዶው ደግሞ እንዳይገባ። በርኖሱ የአባቴ ነበር። እርጥብ አድርጌ ስመልስለት የደረሰብኝን እዚህ አልጽፈውም።

ጥያቄ፦ ጣርማበር ለፀሐይ ይቀርባል። ታዲያ ለምን ሸዋ ሮቢት ይሞቃል?

መልስ፦ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የእኛ ተራራ ለእሷ ምንም ነው። የፀሐይ ጨረር በአብዛኛው አየሩን አልፎ መሬቱን ያሞቃል፤ አየሩ የሚሞቀው ከመሬቱ ነው። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጣህ ቁጥር 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናቸው። አስላው፤ 10 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ከእኛ ከተማ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢው ጉልበቱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ውርጭ ደመና ባለበት ሌሊት ለምን አይጥልም? ረባዳው ማሳስ ለምን ይብሳል?

መልስ፦ መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቷን በጨረር ወደ ሰማይ ትልካለች። ደመና ካለ ከፊሉን መልሶ ይልክላታል፤ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን ሙቀቷ ይሄዳል። ረባዳው የሚጎዳው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ነው፤ እንደ ውሃ ከዳገቱ ወርዶ እዚያ ይተኛል። ገበሬው ባቄላውን የት እንደሚዘራ ያወቀው ይህን ከእኔ ተምሮ አይደለም።

ጥያቄ፦ ፔርሙስ ሻዩን እንዴት ትኩስ ያቆያል?

መልስ፦ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል አየር ተመጥጦ ወጥቷል። የሚነካካ ነገር ስለሌለ ሙቀት በዚያ አይሻገርም። የሚያብረቀርቀው ገጽ ደግሞ ጨረሩን ይመልሳል።

ጥያቄ፦ እሳቱን ብጨምርም ንፍሮው ቶሎ አይበስልም። ለምን ይሆን?

መልስ፦ እትዬ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው ላይ የአየሩ ግፊት ያንሳል። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ዲግሪው ከፍ አይልም። ማገዶውን ይቆጥቡ፣ ወይም ፕሬዠር ኩከር ካለው ጎረቤት ይዋሱ።