«ወተትሽ ገና ነው» ብለው ለልጄ ጡጦ ሰጡት

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ እንዴት ነሽ፣ አምድሽን ሁሌ ነው የማነበው። የዛሬ 3 ዓመት የመጀመሪያ ልጄን አንድ የግል ሆስፒታል በኦፕሬሽን ወለድኩ፣ ልጁን ያመጡልኝ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም ጠግቦ ተኝቶ፣ ነርሷም ወተትሽ ገና ስላልመጣ ፎርሙላ ሰጥተነዋል አለችኝ በቃ። ከዛ ጡቴን ሳቀርብለት እያለቀሰ ፊቱን ያዞራል፣ ጫፉ ቆስሎ ይደማ ነበር፣ በወሩ ጭራሽ ወደ ቆርቆሮ ወተት ገባን። እስካሁን የኔ ጥፋት ይመስለኛል። አሁን የ8 ወር እርጉዝ ነኝ፣ ይሄኛውም በኦፕሬሽን ነው ብለውኛል። አስቸጋሪ ናት ሳልባል ሆስፒታሉን ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ መጀመሪያ እሱን ከልብሽ አውጪው። ወተትሽ አልመጣም ያሉሽም ልክ አይደለም፣ እንገሩ እኮ ገና በእርግዝናሽ ወቅት ጡትሽ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ሰው ነጭ ሆኖ ሲፈስ ካላየ ወተት አይመስለውም እንጂ እንገር ቢጫ ወፈር ያለ ጠብታ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን በአንዴ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢያገኝ ይበቃዋል፣ ሆዱ ትንሽዬ ነዋ። ሞልቶ የሚመጣው ወተት ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ በኦፕሬሽን ለወለደች ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ዘገየ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ጡት ደሞ የሚያመርተው ሲጠባ ነው፣ ልጁ በጡጦ ጠግቦ ከተኛ ለማን ብሎ ያመርታል?

የምትጠይቂው ነገር ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1989 እ.ኤ.አ. ጡት ማጥባት እንዲሳካ ለወሊድ ክፍሎች ያወጡት 10 እርምጃ አለ፣ በ2018 አድሰውታል፣ እኔ የምልሽም አብዛኛው እዛው ውስጥ ያለ ነው። ወገብሽ ላይ ተወግተሽ ነቅተሽ ከሆነ የምትወልጂው፣ ልጁ ደህና እስከሆነ ድረስ እዛው ኦፕሬሽን ክፍል ራቁቱን ደረትሽ ላይ አድርገው በብርድልብስ ይሸፍኑልሽ፣ በ1 ሰዓት ውስጥም ጡት ይሞክር። ሙሉ ማደንዘዣ ከሆነ እስክትነቂ አባትየው ደረቱ ላይ ይያዘው። ከዛ በኋላ ቀንም ሌሊትም ካንቺ ጋር አንድ ክፍል ይሁን።

ከሁሉም በላይ ግን አጠገብሽ ቁጭ የሚል ሰው ጠይቂ። «አጥቢው» ብሎ በር ዘግቶ መሄድ እርዳታ አይደለም! ወሊድ ክፍል ስሰራ እንዳንቺ በኦፕሬሽን የወለደች እናት ስፌቱን ፈርታ ልጇን ማስጠጋት አቅቷት ታለቅስ ነበር፣ ትራስ ጎኗ ላይ አደረግኩና ልጁን በብብቷ ስር እግሩን ወደ ጀርባዋ አስተኛሁት፣ እንደሚያዛጋ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠበቅን፣ ከዛ አገጩን አስቀድመን ስናስጠጋው ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጠቆር ያለውንም ጎረሰ። ሲውጥ ድምፁ ሲሰማ ትከሻዋ ወርዶ ዘና አለች። 20 ደቂቃ ነው የፈጀብን። ያንቺም ጡት የቆሰለው ልጁ ጫፉን ብቻ ይዞ ስለነበር ይመስለኛል፣ ያኔ አንድ ሰው አይቶ ቢያስተካክልልሽ ኖሮ...

ፎርሙላ መርዝ አይደለም፣ ስኳሩ ወርዷል ወይ ሌላ የህክምና ምክንያት አለ ካሉሽ እሺ በይ፣ ግን ሳይነግሩሽ እንዳይሰጡት አስቀድመሽ ተናገሪ። ጨቅላ ህፃናት ክፍል ከገባ ደሞ በእጅሽ እንዴት እንደምታልቢ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያሳዩሽ፣ በቀን 8 ጊዜና ከዛ በላይ እለቢ፣ በኩባያ ወይ በማንኪያ ይሰጡታል።

ከሆስፒታል ሳትወጪ አንድ ሰው ሲጠባ ይይልሽ። ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ቢቀንስ አትደንግጪ፣ ከ5ኛው ቀን በኋላ ግን በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 ዳይፐር በሽንት ካላራሰ ወይ ጡትሽ ቀልቶ ትኩሳት ከያዘሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ተመለሺ። አስቸጋሪ እባላለሁ ላልሽው፣ ለሚቀጥለው ክትትልሽ ባልሽን ይዘሽ ሂጂና ይሄን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ካርድሽ ላይም ይጻፍልሽ፣ ምጥ ላይ ሆነሽ ከመከራከር ይሻላል።