የክረምት ሠርግ በሙሽሪት አገር ቤት፦ ጥያቄና መልስ

እትዬ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና የድግስ ዕቃ አከራያለሁ፤ ሲለምኑኝም ወጥ ቤቱን አስተዳድራለሁ። ከደንገጎ ዳገት ወዲያ ያለውን የሐረርጌ ደጋ ያወቅሁት በሠርግ ነው። ሰሞኑን የክረምት ሠርግ ጥያቄ ስለበዛብኝ አንድ ላይ ልመልስላችሁ ብያለሁ። ስለ ቀሚስና ስለ ፀጉር አትጠይቁኝ። ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ ቀኑን ከአጽዋማት ጋር አመሳክሩ፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ፣ ድንኳን የሚተከልበትን መሬት ዝናብ እየዘነበ ሂዳችሁ እዩት።

ሙሽሪት ከጨለንቆ፦ እትዬ፣ እጮኛዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ሠርጉ ግን ከጨለንቆ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ በወላጆቼ ግቢ እንዲሆን ተስማምተናል። እህቶቼ ከውጭ አገር ፈቃድ የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። የምንጋባው በተክሊል ነው። የትኛውን ቀን ይመክሩኛል?

እትዬ፦ እኔን ብትሰሚኝ ጥር ነበር። ካልሆነ ግን ቀኑን እንዲህ ቁጠሪ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። በጾም ተክሊል የለም፤ ስለዚህ ያለሽ ከሐምሌ 5 እስከ 30 ነው። ከዚያም ላይ ረቡዕንና ዓርብን ቀንሺ። ይህ ካለፈሽ ከነሐሴ 16 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ሌላ ጊዜ ታገኛለሽ። ዝናቡ ግን ነሐሴ ላይ ይብሳል፤ እህቶችሽም ልጆቻቸውን ለትምህርት ለመመለስ ይቸኩላሉ።

አንድ ነገር ሰው ሁሉ ይዘነጋል። ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ሰው ታኅሣሥን ብቻ ያስታውሳል እንጂ ሐምሌም ንግሥ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጨለንቆ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በቁልቢ በኩል ያልፋል። በዚያ ሰሞን መኪና በእጥፍ ዋጋ ለምነሽ ነው የምታገኚው፤ የድሬዳዋና የሐረር ሆቴሎች በምእመናን ይሞላሉ፤ ሙሽራውም ከነሚዜዎቹ መንገድ ላይ ከተሳላሚ ጋር ሲጋፋ ይውላል። ከ17 እስከ 20 ያለውን ተዪው። በሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት የሚውል ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዢ። ቀኑን ለዘመድ ከመንገርሽ በፊት ግን ከአጥቢያሽ ካህን ጋር ተነጋገሪ።

የከዚራ ልጅ፦ ገጠር ሠርግ ስንት ብር ይፈጃል?

እትዬ፦ ለስንት ሰው? የት? በምን ቀን? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ቀጥሉ።

ሚዜው፦ የጓደኛዬ ሠርግ በደደር በኩል ነው። ድንኳን ከድሬዳዋ ይዘን እንሂድ ወይስ እዚያው ይገኛል? ዝናብ ቢመጣስ?

እትዬ፦ ይኼ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የመንደሩን ዕድር ጠይቁ። ዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ይኖረዋል። የዕድሩን ዕቃ ትታችሁ ሁሉንም ከከተማ ጭናችሁ ብትደርሱ ሴቶቹ እንጀራውን በምን ልብ ይጋግሩላችኋል? ከእኔ ዘንድ ውሰዱ የምለው መንደሩ የሌለውን ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ሸራ፣ ጄኔሬተር፣ የውኃ ሮቶ።

ድንኳን በክረምት ሲተከል ሜዳ አትፈልጉ። ለዓይን የሚያምረው ሜዳ ውኃ የሚተኛበት ነው። ትንሽ ተዳፋት ምረጡና ከላይ በኩል አንድ አካፋ የሚጠልቅ ቦይ ቆፍራችሁ ውኃውን በሁለቱም ጎን አሳልፉት። ካስማውን አትመኑት፤ መሬቱ ሲርስ እንደ ቅቤ ይለቀዋል። ገመዱን በድንጋይ በተሞላ ማዳበሪያ እሰሩት። ወለሉ ላይ ገለባ የሚበትኑ አሉ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ጠጠር አልብሱና ቄጤማውን ከላይ ጎዝጉዙ፤ ቄጤማ እንደሆነ በክረምት ሞልቷል።

አሁን ዋናውን ስሙ። ሁለት ድንኳን ስታጋጥሙ መጋጠሚያው ላይ ውኃ ይከማቻል። ሸራው እያበጠ፣ እየከበደ ይሄድና ድንገት ይለቀዋል። ከሥሩ ምን እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ? ሁልጊዜ የምግብ ጠረጴዛው! መሐል ስለሆነ ለአስተናጋጅ ይመቻል ብለው እዚያ ያደርጉታል። በመጋጠሚያው ሥር ማንም እንዳይቀመጥ፤ መተላለፊያ አድርጉት። አንድ ጎረምሳ ረጅም ዱላ አስይዙ፤ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ሸራው ገና መርገብ ሲጀምር ከሥር ወደ ላይ እየገፋ ውኃውን ወደ ውጭ ያፍስሰው። ይህ ሰው መጠጥ አይቀምስም። የሚጠጣ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

እህት ከሳቢያን፦ ለመንደር ሠርግ ቬሎ ይሻላል ወይስ የሐበሻ ቀሚስ? ፎቶ አንሺስ በድሮን ይቅረጽ?

እትዬ፦ ስለ ቀሚስ አትጠይቁኝ ብያለሁ። ጫማው ተረከዙ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ጭቃ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፤ ተዪው።

ሙሽሪት ከጨለንቆ፦ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊም ኦሮሞዎች ናቸው። አባቴ ከእነሱ ጋር ነው ያረጀው። ከተማ ያሉ ዘመዶቼ “ለእነሱ ለስላሳና ሩዝ ይበቃል” ይላሉ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

እትዬ፦ አይዋጥልሽ! አባትሽ ቢሰማ ያዝናል። እርሻው በጎርፍ ሲወሰድ ድንጋይ አብረው ያነሱ ሰዎች ሩዝ በልተው ይሂዱ?

ለእነሱ ሌላ ሰንጋ ይታረዳል። የሚያርደው ከእነሱ መካከል በሽማግሌዎቹ የታወቀ ሰው ይሁን። ገበታ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት “ማነው ያረደው?” ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ስሙን የሚያውቅ አስተናጋጅ በር ላይ አቁሚ። ቢላዋው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ትሪው ሁሉ የተለየ ነው። ወጥ ሠሪዎቹም ከእነሱው ሴቶች ይሁኑ፤ ቀድመሽ ለምኛቸው፣ ይኮሩበታል። ጠላ የተጠመቀበትን ዕቃ አጥበሽም ቢሆን ወደዚያ ወጥ ቤት አታስገቢ። ጥሪውን ደግሞ በካርድ አትላኪ። አባትሽ ራሱ በየቤቱ ይዙር፤ ጉልበቱ ካልፈቀደ ታላቅ ወንድምሽ ይሂድለት።

ሰንጋዎቹን ከመንደሩ ግዙ። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን ደጁ ላይ አስሮ፣ ከማሳ የሚነቀለውን ማሽላና በቆሎ በእጁ እያቀረበ ነው የሚያደልበው። ከዚያ ደጅ ተነስታችሁ ከተማ ወርዳችሁ በሬ ስትገዙ መስማት አልፈልግም።

የሸዋ በር ሰው፦ እኔ የምጨምረው አለኝ። ድንኳኑም ለየብቻ መሆን አለበት። በእኛ በሐረር ሁልጊዜ ሁለት ድንኳን ነው የሚተከለው።

አባወራ ከቀፊራ፦ ይህ ደግሞ ከየት መጣ? አብረን አንድ ሰፈር አድገን በሠርግ ቀን ድንኳን መለየት ሰውን ባዕድ ማድረግ ነው።

የሸዋ በር ሰው፦ ባዕድነት አይደለም፣ አክብሮት ነው። ጠጅ በሚዞርበት ድንኳን ውስጥ ሐጂ ምን ብለው ይቀመጣሉ?

አባወራ ከቀፊራ፦ እንግዲያው ጠጁን አታዙሩት! እናንተ ሐረሮች ለሁሉም ነገር ግንብና በር ትሠራላችሁ።

የሸዋ በር ሰው፦ ድሬዎች ደግሞ በር የሚባል ነገር አታውቁም፤ ለዚህ ነው ሠርጋችሁ ላይ ያልተጠራ ሰው የሚበዛው።

እትዬ፦ በቃ። የሁለታችሁም ክርክር ስለ ሸራ ነው፤ ሰው የሚቀየመው ግን በወጥ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ይለይ፣ መጠጥ በአንድ ወገን ብቻ ይዙር፣ መቀመጫውን የመንደሩ ሽማግሌዎች ይወስኑ። በአንዱ መንደር አብረው ይቀመጣሉ፣ በሌላው ለየብቻ። ከከተማ ሆናችሁ አትወስኑላቸው።

የሐሮማያ ተማሪ፦ እንጀራውን ድሬዳዋ አስጋግረን ብንወስድስ? በዋጋም ይቀላል።

እትዬ፦ በድሬዳዋ ሙቀት የተጋገረ፣ በላስቲክ ታፍኖ ዳገት የወጣ እንጀራ በሠርጉ ማግስት ይሻግታል፤ መልስ ደግሞ አለባችሁ። እዚያው ይጋገር። በደጋው ብርድ ሊጡ ቀስ ብሎ ስለሚቦካ ከቆላው አንድ ቀን አስቀድማችሁ አብኩት። ጠላና ጠጁም እንዲሁ ይዘገያል፤ በድሬዳዋ ልማድ ከቆጠራችሁ ያልደረሰ ጠጅ ታቀርባላችሁ።

ከሊጡ ይልቅ የሚያሳስበኝ እንጨቱ ነው። በሐምሌ ደረቅ እንጨት በምንም ዋጋ አይገኝም። ግንቦት ላይ ግዙና ጣሪያ ሥር ከምሩት። እርጥብ እንጨት ላይ የተጣደ ምጣድ አይሞቅም፣ ጭሱ ሴቶቹን ያሳውራል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። በዝናብ ዘመን ውኃ አይቸግርም የሚል ደግሞ ይኖራል። ይቸግራል! የወንዙ ውኃ ደፍርሶ ጭቃ ሆኗል። እኔ ለአንድ እንግዳ ለመጠጥ፣ ለእጅ፣ ለወጥና ለዕቃ ማጠቢያ 10 ሊትር እይዛለሁ፤ ለ400 ሰው 4,000 ሊትር ማለት ነው። ቦቴው የሚመጣው ከሠርጉ ሁለት ቀን በፊት ነው፤ በዋዜማው መንገዱ ከጨቀየ አይገባም።

ሚዜው፦ ታዲያ በጠቅላላው ስንት ብር እንያዝ?

እትዬ፦ ይህን ጥያቄ ቅድም የከዚራ ልጅ ጠይቆ ያልኩትን አንብብ።

አባወራ ከቀፊራ፦ ሽማግሌዎቹ ከምሳ በኋላ ጫት መቃማቸው አይቀርም። ቦታ ይዘጋጅላቸው?

እትዬ፦ የቤቱን ባለቤት ጠይቁ። እኔ የማዝዘው ሙቅ ነገር ነው፤ በዚያ ብርድ ከቡና ገለባ በወተት የፈላ ሆጃ።

የሸዋ በር ሰው፦ ሆጃ ከሐረር ሴት እጅ ካልሆነ ሆጃ አይባልም።

አባወራ ከቀፊራ፦ ደግሞ ጀመረ።

እህት ከሳቢያን፦ እንግዶቹን በዚያው ቀን ማታ ወደ ድሬዳዋ መመለስ ይቻላል?

እትዬ፦ አይቻልም። ይቻላል የሚላችሁን ሹፌር አትቅጠሩ። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ደንገጎ ላይ ጉም ይወድቅና ፊት ለፊት ያለው አይሱዙ አይታይም። ጠመዝማዛውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከታች ያለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋ የዘነበው ዝናብ በአሸዋው ወንዝ ይመጣል። በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ሌሊት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ እንዲያ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያን ሌሊት የምታስታውሱ ስለ ወንዝ እንድነግራችሁ አትፈልጉም። ለማታስታውሱት፦ በደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አታቁሙ፣ ለአቋራጭ ብላችሁም አትግቡበት። የሠርጉ ምሳ በ6 ሰዓት ይጀመር፤ የድሬዳዋ እንግዳ በ9 ሰዓት ተነስቶ በብርሃን ይግባ። መሸት ያለበት በየቤቱ ይደር። መንደሩ ያሳድራል፤ እናንተ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያዙ፣ የቆላ ሰው በብርድ አይተኛም።

አዲስ ጠያቂ፦ ሰላም፣ ሠርግ አለብኝ። ምን ላድርግ?

እትዬ፦ አግባ።

የባቢሌ ልጅ፦ እትዬ፣ የእኛ ሠርግ ነሐሴ 8 በሙሽሪት አገር ቤት በግራዋ በኩል ነው። ለ300 ሰው ድንኳን ይኖርዎታል?

እትዬ፦ ነሐሴ 8? ከመጀመሪያው ጀምሮ ምን ስል ነው የዋልኩት? ነሐሴ 8 ፍልሰታ ነው! አንተ ልጅ፣ ከላይ ያለውን አላነበብክም።

የባቢሌ ልጅ፦ አንብቤያለሁ። እኛ ሙስሊሞች ነን። ኒካሑም ቀኑም ተቆርጧል።

እትዬ፦ ይህን ቀድመህ አትናገርም? ድንኳን አለኝ። የምታገባበትን ቀን ጾሙ አይከለክልህም፤ ክርስቲያን እንግዶች ካሉህ ግን ገበታቸውን ይመለከታል። አሉህ?

የባቢሌ ልጅ፦ አሉ። የሙሽሪት አባት የሥራ ባልደረቦችና ጎረቤቶች፣ ወደ 40 ይሆናሉ።

እትዬ፦ እንግዲያው ስማኝ። ለእነሱ ምስር፣ ሽሮና አትክልት በዘይት ይሠራ፤ ቅቤ የነካው ጭልፋ አይግባበት። ፍልሰታን ሕፃናት እንኳ ሳይቀሩ ይጾማሉ፤ ብዙው ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ ሳይወጣ አይቀምስም። ምሳውን ለሁሉም በ6 ሰዓት ካቀረብክ 40ዎቹ ሰዎች የሌላውን አፍ ሲመለከቱ ይውላሉ። የእነሱን ገበታ 9 ሰዓት አድርገው፤ ሲደርሱም “ምን ላቅርብ?” ብሎ አስተናጋጅ እንዳያስጨንቃቸው፣ ገበታቸው የትኛው እንደሆነ ከደጅ የሚያሳያቸው ሰው መድብ። የሚተከልበትን መሬት ደግሞ ዝናብ እየዘነበ ሄደህ አይተኸዋል?